ምጽዋ ድረስ የሄደችው ሰሊጥ ለቃሚ

ታየች የጠዳ ልጅ ናት። ጎንደር የገባችው ጣሊያን ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ባሏን ተከትላ ነው። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ መኪናው ሊማሊሞ ላይ ተገልብጦ ሞተባት። ሁለት ሴት ልጆች ይዛ ቀረች። ዘመዶቿ ወደ ጠዳ ተመለሺ፣ ከወንድሞችሽ ጋር እንደ ምንም ትኖሪያለሽ ቢሏትም እሷ እንቢ አለች። ጠላ ጠመቀች፣ የሰው ልብስ አጠበች፤ በመጨረሻም በአዘዞ መንገድ ካለው ከሐጂ ዐብዱረሕማን መጋዘን ሰሊጥ ለቃሚ ሆና ገባች።

ከሁመራና ከመተማ ቆላ የሚመጣው ሰሊጥ አፈርና ጠጠር፣ ገለባም የተቀላቀለበት ነው። ሴቶቹ በረድፍ ቁጭ ብለው ያበጥሩታል፣ በወንፊት ይነፉታል፣ ከዚያ የቀረውን ኮተት በጣታቸው ይለቅሙታል። የጸዳው ተመዝኖ፣ ጆንያው ተሰፍቶ፣ በመኪና ወደ ምጽዋ ይወርዳል። ከምጽዋ ወዲያ የት እንደሚደርስ የሚጠይቅ አልነበረም። ፈረንጅ ይበላዋል ይባላል፤ ለእነሱ ይኸው ይበቃቸዋል። ይልቅ የሚያሳስባቸው የመጋዘኑ አቧራ ነበር። መስኮቱ ትንሽና ከጣሪያው ሥር ስለሆነ አቧራው መውጫ የለውም፤ ጠዋት የገባች ሴት ማታ ስትወጣ ቅንድቧ ነጭ ሆኖ፣ ሳሏ ቤቷ ድረስ ይከተላታል።

ሠራተኛ ማኅበር እንዲያቋቁም የሚፈቅድ ሕግ ወጥቷል የሚል ወሬ ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ ነገሩን አንሥቶ ከዳር ያደረሰው ቢያዝን ነው። ቢያዝን የመጋዘኑ መዛኝ ነበር፤ የቄስ ትምህርት ተምሮ ኋላ ማታ ማታ እየተማረ ያደገ፣ ጋዜጣ ሲያገኝ ከማስታወቂያው ጭምር የሚያነብ ሰው። ለቃሚዎቹና ጫኞቹ ተሰብስበው እሱን ጸሐፊ፣ ታየችን ሊቀ መንበር አደረጉ። ለምን እሷን እንደመረጡ ስትጠየቅ፣ «ድምፄ ከአቧራው በላይ ስለሚሰማ ነው» ትል ነበር። እውነቱ ግን የሠራተኞቹን አለቃ፣ ካቦውን፣ ፊት ለፊት ለመናገር የማትፈራ እሷ ብቻ ስለነበረች ነው። ካቦው ሲጮህ ሌሎቹ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እሷ ወንፊቷን አስቀምጣ ጮኾ እስኪጨርስ ታየዋለች።

ከአዲስ አበባ የሠራተኛ ማኅበራቱ አንድነት የሚያወጣው ጋዜጣ በየወሩ በአውቶቡስ ይመጣል። ቅዳሜ ሥራ በግማሽ ቀን ሲያበቃ ቢያዝን ከሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ያነብላቸዋል። በጋዜጣው መጨረሻ ላይ በመጪው ወር በዓለም ላይ ሠራተኛን የሚነካ ምን እንደሚሆን የሚዘረዝር ዓምድ አለ። የትኛው አገር ከየትኛው ጋር ስለ ንግድ ሊነጋገር እንደሆነ፣ መሪዎች የት እንደሚሰበሰቡ፣ የትኛው ወደብ ሥራ ሊያቆም እንደሆነ ይነግራል። ሴቶቹ ይህን ክፍል እንደ ተረት ነበር የሚሰሙት።

የሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የግንቦት ጋዜጣ ሲነበብም እንዲሁ ነበር። ቢያዝን በሰኔ ወር ጄኔቫ በሚባል ከተማ የየአገሩ ሠራተኛ፣ አሠሪና መንግሥት በአንድ አዳራሽ እንደሚሰበሰቡ፣ ከእኛም አገር ሰው እንደሚሄድ ነገራቸው። ከታየች ጎን የምትቀመጠው ይመኙሽ እጇን አነሣች።

«ሠራተኛውና አሠሪው አንድ ዓይነት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት?»

ቢያዝን እንዲያ ነው የሚባለው አላት። ይህ ሁሉንም ደስ አሰኛቸው፤ ስለ ወንበሩ ብዙ ተሳሳቁ። ቀጥሎ ስለ ግብፅና ስለ እስራኤል፣ በቀይ ባሕር ወዲያ ጫፍ ስለተነሣው ውዝግብ፣ መርከብም ሊደናቀፍ ይችል እንደሆነ ማንበብ ሲጀምር ከጫኞቹ አንዱ የጦር ወሬ ነው ዝለለው አለ። ቢያዝንም ዘለለው። የራሳቸው ጉዳይ ነበራቸው። ለመጋዘኑ ሰፊ መስኮት እንዲከፈትና ደመወዝ እንዲሻሻል ከሐጂ ጋር ለመነጋገር ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ያለው ሰኞ ተቀጥሮ ነበርና ስለሱ ተማከሩ።

ጦርነቱ የተነሣው በግንቦት መጨረሻ ነው። በጎንደር ፒያሳ ሻይ ቤቶች በር ላይ ሰው ሬዲዮ ለመስማት ተኮልኩሎ ይውላል። ታየችም እንደ ሌላው ሰማች። ኢየሩሳሌም የሄዱ ተሳላሚዎች ምን ይሆኑ ይሆን ብላ አዘነች፣ በነጋታው ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ስለነሱ ጸለየች፤ ከዚያ ወደ ወንፊቷ ተመለሰች። ጦርነቱ ሳምንት ሳይሞላው አለቀ ተባለ። አለቀ ከተባለ ደግሞ ማን ያስበዋል?

የቀጠሮው ሰኞ ታየች ነጠላዋን አጥባ፣ የምትናገረውን በልቧ ይዛ በጠዋት መጋዘኑ ደረሰች። በሩ ዝግ ነው። ሴቶቹ ደጅ ላይ ቆመዋል። ካቦው ከውስጥ ብቅ አለና ዛሬ ሥራ የለም፣ ነገም የለም፣ ሐጂ ራሳቸው መጥተው ይነግሯችኋል ብሎ ተመለሰ። ታየች መጀመሪያ ሰው የሞተ መስሏት ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሐጂ ዐብዱረሕማን ወጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም በዚያው በጎንደር ነጋዴ የነበሩ፣ ሠራተኛ ሲታመም ቤቱ ሄደው የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን ሰላምታም አላቀረቡም።

«ባሕሩ ተዘግቷል» አሉ። «ሰሊጣችን የሚያልፍበት የስዊዝ ቦይ በጦርነቱ ተዘግቷል። መርከብ አይመጣም። የላክሁት ምጽዋ ላይ ቆሟል፤ ሌላ ብልክ ማስቀመጫ የለኝም። እስኪከፈት ድረስ መጋዘኑን ዘግቻለሁ።»

ይመኙሽ ወደፊት ጠጋ አለች። 

«ባሕር በምን ይዘጋል? መቀርቀሪያ አለው?»

ሐጂ በበሩ ተመልሰው ገቡ። ታየች በልቧ ይዛው የመጣችው ንግግር በሙሉ ጠፋባት። ልጆቿን ያሳደገችበት፣ ጣቷ እንደ ሽማግሌ ጣት እስኪቆለመም የለቀመችበት ቤት፣ በማታውቀው አገር በማታውቀው ሰው ጠብ በአንድ ጠዋት እንዴት ይዘጋል? ቤቷ ገብታ መደብ ላይ ቁጭ አለች። ልጆቿ ሲያናግሯት አትሰማም ነበር።

በነጋታው ግን ድንጋጤው ወደ ጥርጣሬ ዞረ። ሴቶቹ ይመኙሽ ግቢ ተሰበሰቡ። ይመኙሽ ነገሩን አንድ በአንድ አስቀመጠችው። ደመወዝ ልንጠይቅ የተቀጣጠርንበት ዕለት ራሱ በር ተዘጋ፤ ይህ ማኅበሩን ለመበተን የተዘየደ ነው፤ ርቦን ስንመለስ በግማሽ ደመወዝ ሊያስገቡን ነው አለች። ብዙዎቹ እውነት ነው አሉ። ቢያዝን ሬዲዮውም ጋዜጣውም የሐጂን ቃል እንደሚደግፍ ሊያስረዳ ቢሞክር፣ አንተ ከሚዛኑ አጠገብ የምትቆም የእሳቸው ሰው ነህ ብለው አፉን አስያዙት። ለሥራ ጉዳይ ቢሮ አቤት እንበል የሚል ሐሳብ ተነሣ። ታየች ስትሰማ ቆይታ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«አቤት ከማለታችን በፊት ዓይን ይየው። እኔ ሄጄ አያለሁ።»

የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም አድማሴ እስካሁንም በዚያው መንገድ መኪና ይነዳ ነበር። በዚያ ሳምንት ቆዳ ጭኖ አሥመራ ሊያራግፍ፣ ከዚያ ባዶውን ምጽዋ ወርዶ ጨው ሊያመጣ ነው። ታየች ቤቱ ሄዳ ውሰደኝ ስትለው ፊቱ ተለዋወጠ። ወንድሜን የበላ መንገድ ነው፣ ክረምቱም ገብቷል፣ አንቺን ደግሞ ቢበላብኝ ልጆቹን ምን እላቸዋለሁ አላት። «አያ አድማሴ፣ ልጆቹ የሚበሉት እኔ ሄጄ ከማየው ነገር ነው» አለችው። ሚስቱ በመካከል ገብታ ይውሰድሽ አለች፤ ልጆቹንም እሷ ተቀበለች።

ኮሶዬን ሲያልፉ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ደባርቅ አድረው ሊማሊሞን ሲወርዱ አድማሴ አንድ መታጠፊያ ላይ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ቆቡን አወለቀ። ታየች ቦታው የት እንደሆነ ያን ጊዜ ገና አወቀች። እዚያ ገደል ላይ ዓይኗን ጨፍና እስኪያልፉ ድረስ አልገለጠችም። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አቧራና ሙቀት፣ የማታውቀው ቋንቋ፣ የጫኝ አውራጅ ጩኸት ነበር። አሥመራ ቆዳው ተራገፈ። ከአሥመራ ቁልቁል እየወረዱ በሄዱ ቁጥር አየሩ እየከበደ መጣ፤ ምጽዋ ሲደርሱ ታየች የምድጃ አፍ ላይ ያስጠጓት ያህል ትንፋሽ አጠራት።

ባሕሩን አየች። ሰው ባሕርን ሲያይ መጀመሪያ ምን እንደሚል ብዙ ትሰማ ነበር፤ እሷ ግን የፈለገችው መርከቡን ነው። አድማሴ ወደቡ ድረስ አብሯት ሄደና ዘበኛውን አናግሮ አስገባት። ሁለት መርከብ ብቻ ቆሟል፤ አንዱ የጨው፣ ሌላው የጦር መርከብ። ሌላው ቦታ ውሃ ነው። ከውሃው ወዲህ የቆርቆሮ መጋዘኖቹ ሞልተው ተርፈው ጆንያው ደጅ ላይ በሸራ ተሸፍኖ ተከምሯል። ታየች በክምሩ ሥር ለሥር እያየች ሄደች። ጆንያዎቹ ላይ የሐጂ ዐብዱረሕማን ምልክት አለ። አንዱ ጥጉ ላይ ተቀዷል። እጇን አስገባች። ሰሊጡ እንደ ሰው ገላ ሞቆ ነበር፤ አውጥታ ስታሸተው ሻግቷል። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«የኛ ነው» አለችው አድማሴን። «የኛ እጅ ነው የለቀመው።»

ከክምሩ ጥላ ሥር የወደቡ ጫኞች ተቀምጠው ነበር። ራቁት ጀርባቸው ላይ ጨርቅ ጣል አድርገው፣ ሥራ እንዳጣ ሰው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። አንደኛው፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው፣ አዲስ አበባ ሠርቶ ስለነበር አማርኛ ያውቃል። ከየት እንደመጣች ጠየቃት። ከጎንደር ስትለው ፊቱ ጠቆረ።

«እናንተ ናችሁ እኛን እንዲህ ያስቀመጣችሁን» አላት። «የጎንደር ነጋዴ ዋጋ እስኪወጣ ድረስ ወደ ምሥራቅ ለሚሄድ መርከብ እንኳ ጭነቱን አልለቅም ብሏል አሉን። እዚህ ያለው ያለፈው ወር ጭነት ነው። አዲስ ነገር አይመጣም፤ እኛም አንጭንም፤ ሳንጭን ደግሞ የዕለት ጉርስ የለም።»

እዚያ ላይ እነሱ ሐጂን ሲጠረጥሩ፣ እዚህ ታች ሌላው ሠራተኛ እነሱን ሲጠረጥር ነበር። ታየች ከሰዎቹ አጠገብ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። የጎንደር መጋዘን እንደተዘጋ፣ እሷም ለቃሚ እንደሆነች፣ ይህን ለማየት ሦስት ጠቅላይ ግዛት አቋርጣ እንደመጣች ነገረችው። ሰውየው ለጓደኞቹ በቋንቋቸው ተረጎመላቸው። አንዱ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ሽበታሙ ቀስ ብሎ ስለ ቦዩ ያስረዳት ጀመር። ወደ አውሮፓ የሚሄደው መርከብ አሁን አፍሪካን በሙሉ ዞሮ ነው የሚደርሰው፤ ለሰሊጥ ብሎ ይህን ሁሉ የሚዞር የለም አላት። ጦርነቱ ሲነሣ በቦዩ ውስጥ በማለፍ ላይ የነበሩ መርከቦች ወደፊትም ወደኋላም ሳይሉ ከነመርከበኞቻቸው እዚያው ታግተው እንደቀሩ ነገራት።

«ከነሰዎቻቸው?» አለች።

«ከነሰዎቻቸው።»

ከሁሉ ይልቅ ይህ አስደነገጣት። የነዚያ ሰዎች ልጆችስ ምን እየበሉ ይሆን ብላ አሰበች፤ የየት አገር ሰዎች እንደሆኑም አታውቅም። ስትነሣ ከተቀደደው ጆንያ አንድ እፍኝ ዘግና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ሽበታሙ ሲሸኛት፣ ለሰዎችሽ ንገሪ፣ እኛ ደግሞ ለሰዎቻችን እንነግራለን አላት።

ጎንደር ስትመለስ ዝናቡ ጠንክሮ ነበር። ሰዎቹ በመጋዘኑ አጥር ግቢ፣ ከታዛው ሥር ተሰበሰቡ፤ ሁሉም አፍ አፏን ያያል። ታየች ያየችውን እንዳለ ነገረቻቸው። ባሕሩ እውነት ተዘግቷል፣ ሐጂ አልዋሹም፣ አቤቱታው ይቅር አለች። ትንሽ ጉምጉምታ ተሰማ። ይመኙሽ ከመካከል ብድግ አለች። ከታየች ጎን ስንት ዘመን የተቀመጠች፣ ታየች ስትታመም ልጆቿን ያበላች፣ ልጇን ክርስትና ያነሣችላት ሴት ናት።

«እቴ ታየች» አለች፣ «ሐጂ ምን አቀመሱሽ?»

በታየች ሊማሊሞ ላይም፣ ምጽዋም እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰባትም። ሌላ ሰው ቢላት መልስ ነበራት፤ ለይመኙሽ ግን መልስ አዘጋጅታ አታውቅም። ሁሉም እሷን ያያሉ። የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ሰሊጡን በመዳፏ ዘረጋች፤ ለቅርቧ ሴት ሰጠቻት። ሴትዮዋ አሸተተችና ለሚቀጥለው አቀበለች። እፍኙ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እህል ሲያሸቱ የኖሩ ሰዎች ናቸውና የሻገተውን ለመለየት ማንም ማንንም አልጠየቀም። ያን ያህል የጸዳ ሰሊጥ ደግሞ ከዚያ ቤት በቀር ከየትም አይወጣም። ይመኙሽ ጋ ሲደርስ አሸተተችው፤ መልሳ ለቢያዝን ሰጠችው፤ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። በማግሥቱ ወደ እህቷ፣ ወደ እንፍራንዝ ሄደች ተባለ። አልተሰናበተችም።

ታየች ለማልቀስ ጊዜ አላገኘችም። ከቢያዝን ጋር ሐጂ ቤት ሄዱ። ሐጂ ምጽዋ መሄዷን አልሰሙም ነበር። ስትነግራቸው፣ «ጆንያው ደጅ ላይ ነው ያለው?» አሉ። ዝናብ እንዳይነካው ሸራ እንዳለበት ነገረቻቸው፤ ከውስጥ ግን እንደሻገተም አልሸሸገቻቸውም። ሐጂ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። እሳቸውም ያላዩትን ነገር ነበር ከሰው አፍ ሲሰሙ የከረሙት። ታየች ያን ጊዜ የሳቸውም ድንጋጤ ከሷ እንደማያንስ አየች፤ አዘነችላቸውም፤ ይሁን እንጂ ያመጣትን ጉዳይ አልዘነጋችም። መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ሰሊጥ ለከተማው ዘይት ጨማቂዎችና ለአዲስ አበባ ይሽጡት፣ ማንንም አያሰናብቱ፣ ያለውን ሥራ በሳምንት በሳምንት እየተፈራረቅን እንሥራው፣ እኛም የደመወዙን ጥያቄ እስከ መስቀል እናቆየዋለን አለቻቸው። የመስኮቱን ግን አናቆይም አለች። ሥራ በሌለበት ጊዜ ነው ግድግዳ የሚፈርሰው።

ሐጂ ቀና ብለው አዩዋት። «ሸጋ ነገር ተናገርሽ» አሉ። መስኮቱ በሐምሌ ተከፈተ።

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ፈረቃው ግማሽ እንጀራ ነው፤ አንዳንዶቹ ወደየአገራቸው ተመለሱ፣ አንዳንዶቹ ሰው ቤት ተቀጠሩ። ከጫኞቹ አንዱ መተማ ወርዶ በወባ ሞተ። ታየች ጠላውን እንደገና ጀመረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ፈረቃ የሌላቸውም ሳይቀሩ ይመጡ ነበር። ቢያዝን ጋዜጣውን ሲከፍት ማንም ዝለለው አይለውም። የንግድ ንግግር፣ የመሪዎች ስብሰባ፣ በሩቅ ወደብ የሚደረግ የሥራ ማቆም፣ አንዱንም ሳይተዉ ያስነብቡታል፤ እያንዳንዱ ዜና ወደነሱ በር በየት በኩል እንደሚመጣ እየጠየቁ ያስጨንቁታል። ብዙውን እሱም አያውቀውም ነበር፤ አላውቅም ይላቸዋል። በጥቅምት አዲሱ ሰሊጥ ሲገባ ወደ ምሥራቅ የሚሄዱ መርከቦች ሰሊጥ ይጭናሉ ተባለ፤ ግማሹ ረድፍ ሞላ።

ይመኙሽ የመጣችው በኅዳር ነው። ታየች ስታበጥር ከጎኗ የሚቀመጥ ሰው መጣ፤ ቀና ስትል እሷ ናት። ከስታለች። ወንፊቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ ስለዚያ ቀን አንዳቸውም አላነሡም።

«እንፍራንዝ ሬዲዮ የለም» አለች ይመኙሽ። «አሁን ደግሞ ምን ሊመጣ ነው አሉ?»

ታየች ከሰማችው ነገር ገና አልረጋጋችም ነበር። የእንግሊዝ ገንዘብ በአንድ ቀን ዋጋው ወደቀ፣ ሰሊጥ በዚያ ገንዘብ ሊሸጥ የተዋዋለ ነጋዴ ሁሉ ጎደለበት ተብሎ በዚያ ሰሞን ተወርቶ፣ ሐጂ ነገሩን ሊያጣሩ ትናንት ፒያሳ እንደወጡ አልተመለሱም። ይህን ነገረቻት። ይመኙሽ እጇ ወንፊቱ ላይ ቆመ።

«ገንዘብም ይወድቃል?» አለች።

«እኔም እሱኑ ነው የጠየቅሁት» አለች ታየች። ፈቀቅ ብላም ቦታ ለቀቀችላት፤ ሁለቱም ሰሊጡን መንፋት ጀመሩ።